አኩፋዳውን ሳያዩ ሜኑውን፦ ስለ ጎጃም ምግብ ለተጻፈው የጉዞ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። ሁለቱ ከሳቅ ምልክት ጋር፣ አንዷ ከንዴት ምልክት ጋር። አራተኛው የአጎቴ ልጅ ነው፤ ምንም ምልክት አላደረገበትም። ማታ ግን ደወለና «እውነቱን አይደል እንዴ? እስቲ የኛ የሚባል ምግብ ምን አለ?» አለኝ። የዳንግላ አካባቢ ልጅ ነው። ምን እየበላ እንዳደገ አውቃለሁ፤ አብረን ነው የበላነው። ይህችን ምላሽ የምጽፈው ከጸሐፊው ይልቅ ለእሱ ብዬ ነው።

ጽሑፉ የጉዞ ማስታወሻ ነው። ጸሐፊው ከአዲስ አበባ ተነስተው፣ አባይን በደጀን ተሻግረው፣ ደብረ ማርቆስ አድረው፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዳንግላ አልፈው ባሕር ዳር ገብተዋል። ስድስት ቀን ፈጅቶባቸዋል። ዓላማቸው የጎጃምን ምግብ መቅመስ ነበር። ብዕራቸው ጥሩ ነው፤ እኔም ሁለት ቦታ ላይ ስቄያለሁ። የደረሱበት ድምዳሜ ግን አላሳቀኝም። ሳላዛባ ላስቀምጠው።

ጎጃም የራሱ የሚባል ምግብ የለውም ይላሉ፤ እንጀራው ያው እንጀራ፣ ወጡም ያው አዲስ አበባ የሚበላው ወጥ ነው። ዳጉሳና ግብጦ የችግር ጊዜ ምግብ ናቸው፤ ሰዉ ኑሮው ሲቃና ይተዋቸዋል፣ ቢተዋቸውም ደግ አደረገ። ለእንግዳ የሚሆን ነገር ቢኖር የጣና ዓሣ ነው፤ እሱም ቢሆን ያው ጥብስ ነው። ምግብ ቤቶቹ በሙሉ አንድ ሜኑ የተገለበጡ ይመስላሉ። ገበያው እህልና ከብት እንጂ የሚቀመስ ነገር የለበትም። አንድ እንኳ የምግብ ፌስቲቫል የለም። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ጎጃም ይጠጣል እንጂ አይበላም» የምትል ቀልድ ጣል አድርገዋል፤ አረቄውን ማለታቸው ነው።

ከምስማማበት ልጀምር። ስለ ምግብ ቤቶቹ ያሉት ልክ ነው። እዚህ ላይ ሽንጤን ገትሬ ልከራከር ብል ራሴን ነው የማሞኘው። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች አንዱ ገብታችሁ ሜኑ ክፈቱ። መጀመሪያ ክለብ ሳንድዊች። ከዚያ ስፓጌቲ፣ ከዚያ ፒዛ። ከዚያ «ባህላዊ ምግቦች» የሚል አንድ ገጽ አለ፤ ጥብስ፣ ክትፎ፣ ሽሮ፣ በያይነቱ። ሜኑውን አዋሳ ወይም አዳማ ብትወስዱት ማንም አይጠራጠርም።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ይዤ፣ ስሙን የማልጠራው ሆቴል ገባሁ። «የዳጉሳ እንጀራ ይኖራችኋል?» ብዬ ጠየቅኩ። አስተናጋጁ ሳቀ። የሹፈት ሳቅ አልነበረም፤ የተያዘ ሰው ሳቅ ነው። ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «እሱን እኮ ቤት ነው የምንበላው» አለኝ።

የጸሐፊው ስህተት በሙሉ ያለው እዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ ለእንግዳ የሚወጣው ነጭ እንጀራ ነው። ጥቁሩን ማቅረብ እንደ ንቀት ይቆጠራል። ድሮ ጎረቤት ሲመጣ እናቶቻችን ከሞሰቡ ታች ያለውን ነጩን ፈልገው ያወጡ ነበር፤ ዛሬ ሆቴሉም የሚያደርገው ያንኑ ነው። ጸሐፊው ስድስት ቀን ሙሉ ምግባችንን የፈለጉት ሆን ብለን በማናቀርብበት ቦታ ነው። አጡት፣ «የለም» ብለው ጻፉ። በዚህ አያያዝ አዲስ አበባ ሆቴል የሰነበተ ፈረንጅም የኢትዮጵያ ቁርስ ኦምሌት ነው ብሎ ቢጽፍ ምን እንለዋለን?

እሺ፣ ወደ እንጀራው። «እንጀራ እንጀራ ነው» ማለት ለእኔ «ዳቦ ዳቦ ነው» እንደማለት ነው። ቅርጹን ነው የነገሩን። ከምን እንደተጋገረ አልነገሩንም።

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ጮቄ ተራራ አለ። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ከደጀን ቁልቁል ጸሐፊው የተሻገሩት ድልድይ ጋ ሲወረድ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ይሆናል። በአንድ ዞን ውስጥ 3,000 ሜትር ቁልቁለት! ላይ ገብስና ድንች ነው። መካከሉ ጤፍና ስንዴ። በረሃው አፋፍ ማሽላ። ወደ ምዕራብ ዞር ሲባል ደግሞ፣ ሜጫ፣ ዳንግላ፣ ወደ እንጅባራ፣ አፈሩ ቀይና አሲዳማ ነው። እዚያ ዳጉሳ፣ በቆሎና ግብጦ ይነግሣሉ። አንዱ ቤት እንጀራ ሲባል ነጭ ነው፣ ሌላው ቤት እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ነው፣ ሦስተኛው ቤት ተደባልቆ ነው። ሁሉም «እንጀራ በሉ» ነው የሚሉት።

ለዚህ ምስክር ጥራ ብባል የቆሎ ተማሪን ነው የምጠራው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል። አንዱ ቤት የጤፍ ቁራሽ ይሰጡታል። ሌላው ቤት የዳጉሳ። ከዚያኛው የገብስ ቂጣ፣ ከዚህኛው አንድ እፍኝ ንፍሮ። ሁሉም አኩፋዳው ውስጥ ይገናኛሉ። በልጅነታቸው ቅኔ የተማሩ አንድ ዘመዴ አሉ። ማታ አኩፋዳው ሲራገፍ ማን በየትኛው ጎጥ እንደዞረ ሳይጠየቅ ይታወቅ ነበር ይላሉ። ጠቆር ያለው ከወንዝ ማዶ፣ ነጩ ከባለ ጤፎቹ ሰፈር፣ ወፍራሙ ቂጣ ከደገኞቹ። አንዴ አንድ ተማሪ ሩቁን መንደር ዞሬያለሁ ብሎ ዋሽቶ፣ አኩፋዳው እንዳጋለጠው እየሳቁ ያወራሉ። ጸሐፊው ሜኑ ከማገላበጥ አንድ አኩፋዳ ቢያራግፉ ኖሮ የወረዳውን ምግብ በአንድ ጊዜ ያዩት ነበር።

በዚያ ላይ «አዲስ አበባ የሚበላውን ይበላሉ» የሚለው አባባል አቅጣጫው ተገልብጧል። እህል በረንዳ ሄዳችሁ ዋጋ ጠይቁ። «የጎጃም ጤፍ» ተብሎ በስሙ ነው የሚጠራው። ጸሐፊው ደብረ ማርቆስ ላይ ቀምሰው «ያው የቤቴ እንጀራ» ያሉት፣ ማን ያውቃል፣ ቤታቸው የከረመው ጤፍ ራሱ ከእነማይ ወይ ከደጀን የተጫነ ይሆናል። ሁለቱ ቢመሳሰሉ ምን ይገርማል?

ወጡ ላይ ግን ብዙ አልሟገትም። ዶሮ ወጥ፣ ምስር፣ ሽሮ የደጋው አገር ሁሉ የጋራ ሀብት ናቸው። የኑግ ፍትፍትም ሌላ ቦታ ይሠራል። ብቻ መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲገባ ማሳው ሁሉ በኑግ አበባ ቢጫ ሲሆን ያየ፣ በጾም ደግሞ ያው ኑግ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ታሽቶና ተጠልሎ እንጀራ ሲፈተፈትበት የቀመሰ ሰው፣ የት አገር እንዳለ አይጠፋውም። ኅዳር ላይ ቀፎው ሲቆረጥ ማሩም ከዚያው አበባ ነው።

አሁን ያበሸቀኝ ነጥብ ላይ ደረስኩ። ግብጦና ዳጉሳ «የችግር ጊዜ ምግብ» ናቸው የተባለው።

ግብጦን ለማያውቅ ሰው፦ ነጣ ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ ከሽምብራ ተለቅ ያለ ጥራጥሬ ነው። የደከመ መሬት ላይ ይበቅላል፤ መሬቱንም መልሶ ያለማዋል። ጥሬውን አንዴ የቀመሰ ሰው አይረሳውም። ኮሶ ነው። ከምሬቱም በላይ፣ ሳይዘጋጅ በብዛት ቢበላ ይጎዳል። ታዲያ እንዴት ይበላል?

እናቴ መጀመሪያ ምጣድ ላይ ትቆላዋለች። ቅርፊቱ እዚህም እዚያም ጠቆር ሲል ታወርደዋለች። ከዚያ ጆንያ ውስጥ ይገባና አፉ ይታሰራል። ከዚህ በኋላ ያለው የልጆች ሥራ ነው። ጆንያውን ተሸክመህ ወንዝ ትወርዳለህ። የቆመ ውኃ አይሆንም፤ ወራጅ መሆን አለበት፤ መራራውን ይዞት የሚሄደው ወራጁ ነው። ጆንያውን አስተኝተህ ድንጋይ ትጭንበታለህ። እዚህ ላይ ስንፍና ዋጋ ያስከፍላል። እኔ አንድ ቀን ለመሸከም የቀለለችኝን ድንጋይ መርጬ ጫንኩ። ማታ ዘነበ። ጠዋት ስሄድ ድንጋዩም የለም፣ ጆንያውም የለም። ባዶ እጄን ስመለስ እናቴ ምንም አላለችኝም። እሱ ነው የባሰው።

በየቀኑ ሄደህ ታገላብጠዋለህ። ሦስተኛው ቀን ላይ አንዷን ፍሬ አውጥተህ በፊት ጥርስህ ቆረጥ ታደርጋለህ። መጀመሪያ ምንም የለም። «ደርሷል!» ብለህ ልትጮህ ስትል ከጉሮሮህ ሥር መራራው ብቅ ይላል። ገና ነው። አራተኛው ቀንም ገና ነው። አምስተኛው ወይ ስድስተኛው ቀን ላይ ታኝከዋለህ፣ ትውጠዋለህ፣ ትጠብቃለህ፤ አይመጣም። ለቋል። ከዚያ መላጥ ነው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ጫን ስትለው ፍሬው ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ልጣጩ ጣትህ ላይ ይቀራል። ልጆች አንዱ ያንዱን ዓይን ዒላማ የሚያደርጉት ያኔ ነው። ጨው ነስነስ፣ በርበሬ ካለ በርበሬ። ከጠላ ጋር ሲሆን መቆም አይቻልም።

አሁን ጸሐፊውን አንድ ነገር ልጠይቅ። የራበው ሰው አምስት ቀን ይጠብቃል? የችግር ምግብ ማለት ነቅለህ፣ ቀቅለህ፣ ማታውኑ የምትበላው ነው። ምጣድ፣ ጆንያ፣ ወራጅ ውኃና አንድ ሳምንት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነገር የችግር ምግብ ሊባል አይችልም። ይህ ሙያ ነው። ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። ሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ያሉ ሰዎች ይህንኑ ግብጦ በጨው ውኃ ዘፍዝፈው ከቢራ ጋር ይበሉታል። ግብጾች ተርሙስ ይሉታል። በአባይ በሁለቱም ጫፍ ይበላል ማለት ነው። እነሱ ሲበሉት «የባህር ዳርቻ መክሰስ» ሆኖ፣ እኛ ስንበላው «የድህነት ምልክት» የሆነው በምን ሕግ ነው?

የዳጉሳው ነገር ትንሽ ይለያል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ገንዘብ ያገኘ ሰው ወደ ነጭ ጤፍ ይሄዳል፤ አዎ። የአጎቴ ልጅም ባሕር ዳር ቤት ከተከራየ ወዲህ ዳጉሳ አስፈጭቶ አያውቅም። ግን ሰው የተወው በጣዕሙ ነው ወይስ በኀፍረት? ገጠር የእናቱ ቤት ሲሄድ አይቼዋለሁ። ነጩን አልፎ ጥቁሩን ነው የሚያነሳው፤ ሰው እያየው ካልሆነ። ዳጉሳ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ጎተራ ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል። ካልሲየሙ ከጤፍም ከስንዴም ይበልጣል። ለጠላም ለአረቄም ብቅሉ ከእሱ ነው። «ቢተዉት ደግ አደረጉ» ለማለት ቢያንስ አንድ ምክንያት ማቅረብ ነበረባቸው። ጽሑፉን ሁለቴ አነበብኩት፤ ከቀለሙ ሌላ ምክንያት አላገኘሁም።

ዓሣውን በተመለከተ እኔና ጸሐፊው ፊትና ኋላ ነን። እሳቸው ለእንግዳ የሚሆን ብቸኛ ምግብ ያሉት፣ ለእኔ ከሁሉም አዲሱ ነው። ጣና ላይ ከጥንት ጀምሮ ዓሣ በማጥመድና የደንገል ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ናቸው። አራሹ ገበሬ ከዓሣ ጋር ያን ያህል ትውውቅ አልነበረውም። የሞተር ጀልባና ረጅሙ መረብ የመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ዓሣ በብዛት ገበያ የወጣውም ከዚያ ወዲህ ነው። እናቴ እስከ ዛሬ አትበላም። «ዓይኑ ያየኛል» ትላለች።

«ያው ጥብስ ነው» የሚለውም ቢሆን ችኮላ ነው። ቆሮሶ ሙሉውን፣ ጎኑ በቢላዋ ተተልትሎ ነው የሚጠበሰው፤ በእጅ፣ በአዋዜ ይበላል። አምባዛ ሥጋው ወፍራም ስለሆነ ለጉላሽ ይመረጣል፤ ቅርፊት የለውም ብለው የማይነኩትም አሉ። ነጭ ዓሣው እሾሁ ብዙ ነው፤ ቸኩሎ የሚበላን ይቀጣል። ከዚህ ከነጭ ዓሣው ቤተሰብ ብቻ ከደርዘን የሚበልጡ ዝርያዎች ከጣና በስተቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። የጢስ አባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣ ዓሣ እንዳይወጣ ስለከለከለ፣ ላይ የቀረው ለብቻው ተባዝቶና ተለያይቶ ነው። ሌላ የትም የማይገኝ ዓሣ በልቶ «ያው ጥብስ» ማለት ያስቆጫል። በአንድ ነገር ግን እስማማለሁ፤ መረቡ በዝቷል፣ እምቦጩም ሐይቁን አስጨንቆታል፣ ዓሣው እንደ ድሮው አይደለም።

እዚያው ሐይቅ ዳር ተቀምጠው ቡናቸውን ሲጠጡ «ይህም ከጅማ የመጣ ነው» ብለዋል። ሊሆን ይችላል። ግን ከተቀመጡበት በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ቢሄዱ ዘጌ ነበር። ዘጌ በበሬ አይታረስም፤ ገዳማቱ ያሉት ጫካ ውስጥ ነው፣ ጫካው ውስጥ ያለው ደግሞ ቡና ነው። በቦታው አፈ ታሪክ አቡነ በትረ ማርያም የተሰጧቸው ሦስት ተክሎች ሎሚ፣ ጌሾና ቡና ናቸው። ልብ በሉ፤ ሎሚ፣ ጌሾና ቡና። ጠላና ጠጅ ያለ ጌሾ አይሆንም። ገዳሙ ሳይቀር የምግብ ታሪክ አለው።

ገበያው ላይ አጭር ልሁን፤ እዚህ ላይ ጸሐፊውን ያሳሳታቸው ቀኑ ይመስለኛል። ዳንግላ ገበያ ግማሽ ሰዓት ቆዩ፣ ጥቂት ጆንያና ጥቂት በግ አዩ፣ ሄዱ። ገበያ የሚቆመው በቀኑ ነው። በሌላ ቀን የመጣ ሰው ሜዳ ነው የሚያየው። በቀኑ መጥተው ቢሆን ኖሮ «የሚቀመስ የለም» አይሉም ነበር፤ ምክንያቱም የእኛ ገበያ ሳይቀመስ አይሸጥም። ጤፍ ገዢ እፍኝ ዘግኖ መዳፉ ላይ ያፈሳል፣ እፍ ይላል፣ የቀረውን አፉ ውስጥ ጣል ያደርጋል፤ አሸዋ ካለው ጥርሱ ይነግረዋል። ቅቤ የምትገዛ ሴት በጥፍሯ ጫፍ ቆንጠር አድርጋ እጇ ጀርባ ላይ ታሸዋለች፣ ታሸታለች፣ ፊቷን ታጨማድዳለች፤ ወደደችውም አልወደደችው ታጨማድዳለች፣ ዋጋ እንዲቀንስላት። የቡሬን በርበሬ የሚገዛ ዛላውን ሰብሮ አፍንጫው ሥር ያደርጋል። ማር ሻጩ ራሱ «ቅመስ» ብሎ እንጨቱን ይዘረጋል። በጉም ቢሆን ምግብ ነው፤ ዋሸራ በግ ላቱ በእጅ ተመዝኖ ነው የሚገዛው። ሲደክምህ ደግሞ ዳር ላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ የተደፋበት ቤት ትፈልጋለህ። ጠላ አለ ማለት ነው። ግብጦም እዚያ ነው።

ፌስቲቫል የለም ላሉት፣ በስሙ የለም፤ ልክ ናቸው። መድረክ ተተክሎ፣ ድንኳን ተከራይቶ፣ ትኬት ተቆርጦ የሚበላበት ቀን የለንም። ግን የወሩን ቀናት ቁጠሩ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም። በየወሩ፣ በየቤቱ፣ በየማኅበሩ ዝክር አለ። እሑድ ሰንበቴ አለ። ድፎው ተቆርሶ፣ ንፍሮው በሰፌድ ዞሮ፣ ጠላው በጣሳ ይታደላል። መንገደኛ ቢያልፍ «ዝክር ሳትቀምስ የት ትሄዳለህ!» ተብሎ እጁን ይያዛል። ጥር 23 እንጅባራ የሄደ ደግሞ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያያል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ፈረስ ብቻ አይቶ፣ ሳይበላ ሳይጠጣ የሚመለስ የሚመስለው ካለ እንጅባራን አያውቅም።

እርግጥ ነው፣ ዝክር ፕሮግራሙ ቀድሞ አይለጠፍም። ዘመድ የሌለው እንግዳ በምን ያውቃል? ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ የጸጥታው ሁኔታ መንገዱን ከባድ አድርጎታል፤ እንኳን እንግዳ የአገሩ ልጅም ዘመዱ ቤት ለበዓል እንደ ልቡ አይደርስም። ጸሐፊው ይህን አንዲት ቃል ሳያነሱ «ቱሪስት የማይመጣው የሚበላ ስለሌለ ነው» ማለታቸው አልገባኝም። ያለቀሰ ሰው ፊት ቆሞ «ዓይንህ ለምን ቀላ?» እንደማለት ነው።

የአረቄዋን ቀልድ በቀልድ ልመልሳት አስቤ ነበር፤ ተውኩት። አረቄ ብዙ ቤት ያፈርሳል። የሚያወጣውን የሚቆጣጠር የለም፣ የሚፈጀው ማገዶም ቀላል አይደለም። ይህን መካድ አልችልም። ግን «ይጠጣል እንጂ አይበላም» የሚለው ሰው አረቄ ስትወጣ አላየም። ብቅሉን የምታበቅለው፣ ጌሾውን የምትወቅጠው፣ ድፍድፉን የምትጠብቀው፣ ጭስ ውስጥ ተቀምጣ ጠብታውን የምትቆጥረው ሴት ናት። በዚያች ጠብታ ደብተር ይገዛል፣ የቤት ኪራይ ይከፈላል፣ ዘይትና ሽንኩርት ይሸመታል። ለሻጯ ቤት አረቄው መጠጥ አይደለም። እራት ነው።

አንዲት ትንሽ ስህተት ለመጠቆም ያህል፦ «የጎጃም ሩዝ» ብለው ያሞገሱት የፎገራ ሩዝ ነው። ፎገራ ደቡብ ጎንደር ነው። ጎንደሬዎቹ ሳይቀድሙኝ ልናገር ብዬ ነው።

ለጸሐፊው ክፉ አላስብም። እንዲያውም ተመልሰው ቢመጡ ደስ ይለኛል። ሆቴል አያስፈልግም፤ እናቴ ቤት ነው የምንሄደው። ዳጉሳው ተፈጭቷል። የአጎቴን ልጅም እጠራዋለሁ፣ ነጩን እንዳይነካ እየጠበቅኩት። ብቻ ከመምጣታቸው ስድስት ቀን ቀደም ብለው ይደውሉልኝ። ግብጦው ወንዝ መውረድ አለበት። ድንጋዩን ዘንድሮ ትልቁን ነው የምመርጠው።